በፈቃደኝነት የሚገዛ ታዳሽ ኃይል

በአሜሪካ ብዙ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርጅቶች ደንበኞቻቸው ከመደበኛው የመብራት ሂሳብ ላይ ጥቂት ጨምረው ከነፋስ፣ ከፀሐይና ከመሳሰሉት ምንጮች የሚመነጭ ኃይልን እንዲደግፉ ይጋብዛሉ። ግዴታ የለበትም፤ የፈለገ ይገባል፣ ያልፈለገ በመደበኛው ታሪፍ ይቀጥላል። ግብይቱ የሚመዘገበው በታዳሽ ኃይል የምስክር ወረቀት ነው። አንዱ የምስክር ወረቀት 1,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ከታዳሽ ምንጭ መመንጨቱን ይመሰክራል፤ አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ በአማካይ በወር ከሚፈጀው ጥቂት ቢበልጥ ነው። ወረቀት ይባል እንጂ በኮምፒዩተር መዝገብ ላይ የተቀመጠ ቁጥር ነው፤ ከኤሌክትሪኩ ተነጥሎ፣ ለሌላ ሰው፣ በሌላ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል። የአሠራሩ ጥቅምም ጣጣም የሚመነጨው ከዚህ መነጠል ነው።

ብዙዎች የሚያነሡት ተቃውሞ ቀላል ነው፦ ተጨማሪ የከፈለውም ያልከፈለውም ጎረቤት ከአንድ መስመር ያንኑ ኤሌክትሪክ ይጠቀማሉ፤ ታዲያ ምን ተገዛ? ይህ ተቃውሞ ዒላማውን ይስታል። ባንክ ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው ያንኑ ኖት መልሶ አይቀበልም፤ ሂሳቡ ግን የእርሱ ነው። መጠየቅ ያለበት የተከፈለው ገንዘብ ባይከፈል ኖሮ የማይሠራ ማመንጫ አሠርቷል ወይ የሚለው ነው። አሠራሩን ሁሉ መመዘን ያለብንም በዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መርሐ ግብሮች ይህን ፈተና ያልፋሉ። በካሊፎርኒያ የሳክራሜንቶ የሕዝብ ኤሌክትሪክ ድርጅት ከ1993 ጀምሮ፣ ፈቃደኛ ደንበኞች በየወሩ ጥቂት ዶላር እየጨመሩ፣ ሶላር ፓኔሎችን በቤታቸው ጣሪያ ላይ ተክሏል። በሚሺጋን የምትገኘው ትራቨርስ ሲቲ ደግሞ በ1996 ባለ 600 ኪሎ ዋት የነፋስ ተርባይን ስታቆም፣ ተጨማሪውን ወጪ የተሸከሙት በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ነዋሪዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። በሁለቱም ቦታ ገንዘቡና ዕቃው ፊት ለፊት ይተያያሉ። የቴክሳሷ ኦስቲን የሄደችበት መንገድ ይበልጥ ብልሃት አለው። የከተማዋ የኤሌክትሪክ ድርጅት ከነፋስ እርሻዎች ጋር የረጅም ጊዜ ውል ፈርሞ፣ ለተመዝጋቢዎች በሂሳባቸው ላይ ያለውን የነዳጅ ክፍያ አንሥቶ ለዓመታት በማይለወጥ ዋጋ ተካላቸው። በ2005 አካባቢ የተፈጥሮ ጋዝ ሲወደድ የነፋስ ደንበኞች ከሌላው ያነሰ መክፈል ጀመሩ፤ ፈላጊውም በዛ። ጋዝ ሲረክስ ግን፣ በ2009 አካባቢ፣ በውድ የቀረበው አዲስ ዙር ገዢ አጣ። ሰው ለአየር ንብረት ብቻ ሳይሆን ለኪሱም እንደሚያስብ ከዚህ በላይ ግልጽ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል፤ እንደ ነውርም መቆጠር የለበትም።

ችግሩ የመጣው የምስክር ወረቀቱ ለብቻው በገፍ መቸብቸብ ሲጀምር ነው። በ2010ዎቹ ውስጥ ለዓመታት ከነፋስ የተገኘ የምስክር ወረቀት ከ1 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። በዚያው ዘመን አጋማሽ የፌዴራሉ መንግሥት ለነፋስ ኃይል የሚሰጠው የግብር ቅናሽ ለተመሳሳይ መጠን ወደ 23 ዶላር ይደርስ ነበር። ባለሀብቱን ተርባይን እንዲተክል ያነሣሣው የትኛው እንደሆነ ለመገመት የኢኮኖሚ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ደጋፊዎች ብዙ ትንንሽ ክፍያዎች ተደምረው ገበያውን ያሳድጋሉ ይላሉ፤ ከ1997 ጀምሮ የሚሠራው የግሪን-ኢ ማረጋገጫም አንዱ የምስክር ወረቀት ሁለት ጊዜ እንዳይሸጥ፣ በሕግ የተጣለ ግዴታ ማሟያም ሆኖ እንዳይቆጠር ይቆጣጠራል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ድርብ ቆጠራን መከልከል ሌላ፣ አዲስ ማመንጫ ማስገንባት ሌላ ነው። ንጹሕ መዝገብ ያለው የምስክር ወረቀት ምንም ያልለወጠ ሊሆን ይችላል።

የጊዜ ጉዳይም አለ። በቀትር ፀሐይ የተገኘ የምስክር ወረቀት በሌሊት የተፈጀ ኤሌክትሪክን በዓመቱ ሂሳብ ይሸፍናል፤ በሌሊቱ ሰዓት ግን ያመነጨው ጋዝ ሊሆን ይችላል። ጉግል በ2020 እስከ 2030 በየሰዓቱ ከካርቦን ነፃ ኃይል ለመጠቀም ግብ ያወጣው፣ ዓመታዊው ሂሳብ ይህን ክፍተት ስለሚደብቀው ነው።

ስለዚህ ፍርዱ በሁሉም መርሐ ግብሮች ላይ አንድ ሊሆን አይችልም። ደንበኛው ከመመዝገቡ በፊት ማመንጫው የት እንዳለ፣ መቼ እንደተሠራና ድርጅቱ ከእርሱ ጋር ለስንት ዓመት እንደተዋዋለ ይጠይቅ፤ መልሱ የምስክር ወረቀት ብቻ ከሆነ ገንዘቡን ቤቱን ከብርድና ከሙቀት ለመከላከል ቢያውለው ይሻላል።