የሳንጃና የመተማ ቆላ የአመጋገብ ልማድ

በሳንጃና በመተማ ቆላ የገበታው ዋና እህል ማሽላ ነው፤ ሙቀቱንና የዝናቡን መቆራረጥ ከጤፍ ይልቅ ይችላል።

ልማዱ የሚወረሰው ምድጃ ዳር ነው። ልጅቷ እናቷ አብሲት ጥላ ከሊጡ ስትቀላቅል፣ የጋለውን ምጣድ ስታስስ፣ ለነገ የሚሆን እርሾ ስታስቀር እያየች ታድጋለች። የማሽላ እንጀራ ሲያድር ስለሚደርቅ ትኩሱን መብላትም አብሮ ይለመዳል። ሕፃኑ ደግሞ በርበሬን የሚለምደው ከአያቱ እጅ በጉርሻ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ መምህር ማግኘት ያስቸግራል።

ጣዕምን መልመድ ከዚያም ቀድሞ ይጀምራል። ጁሊ ሜኔላና ባልደረቦቿ በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ወይም በማጥባት ወቅት የካሮት ጭማቂ የጠጡ ሕፃናት የካሮት ጣዕም ያለውን ምግብ በቀላሉ እንደሚቀበሉ አሳይቷል።

ጾምም ልማዱ የሚወረስበት ሌላው መንገድ ነው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ልጅ በተለምዶ በ7 ዓመቱ መጾም ይጀምራል፤ በጾሙም ወቅት የቆላው ሰሊጥ ተቆልቶ፣ ተወቅጦና ተበጥብጦ ለእንጀራ ፍትፍት ይሆናል።

ከመተማ ማዶ፣ በሱዳን በኩል፣ ያው ማሽላ ቦክቶ ኪስራ የሚባል ስስ እንጀራ ሆኖ ይጋገራል።