ስድስት ሳጥኖች፣ አንድ ተከሳሽ

ገብስ የእህል ንጉሥ ነው ይላሉ አባቶቻችን። ዛሬ ግን ቆሎውንም በሶውንም ለጊዜው እናቆየውና ስለ አንድ የገብስ ክስ እናውጋችሁ። ተከሳሹ ሞሪስ የሚባል የአሜሪካ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነው። ክሱ «የሁለት ዓመት ምርትህን አቀያይረህ መዝግበሃል» የሚል ነው። ዋናው ምስክር ደግሞ አንድ ስዕል ነው። አዎ፣ ስዕል! በኮምፒውተር የተሳለ፣ ስድስት ሳጥን ያለው ግራፍ። ክሱ የቀረበው አዝመራው ከተሰበሰበ ከ60 ዓመት በኋላ ሲሆን ሁነኛ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ሌላ 20 ዓመት ፈጅቷል።

«የፈረንጅ ገብስ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ታገሱን፣ እንደርስበታለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ያዙልን።)

አዝመራው

ነገሩ የሚጀምረው ሚኒሶታ በተባለችው የአሜሪካ ግዛት ነው። በ1931 እና በ1932 ተመራማሪዎች አሥር የገብስ ዝርያዎችን በስድስት ቦታ ዘሩ። አንደኛው ቦታ ሴንት ፖል ከተማ ያለው የዩኒቨርሲቲው እርሻ ነው። የቀሩት አምስቱ ቅርንጫፍ ጣቢያዎች ናቸው፤ ዋሴካ፣ ሞሪስ፣ ክሩክስተን፣ ግራንድ ራፒድስ እና ዱሉዝ። ዝርያዎቹ ማንቹሪያ፣ ትሬቢ፣ ቬልቬት፣ ግላብሮን የመሳሰሉ ስሞች ያሏቸው ሲሆን ገና ስም ያልወጣላቸውና በቁጥር ብቻ የሚጠሩም ነበሩባቸው።

እያንዳንዱ መደብ የኤከር አንድ አርባኛ ነበር፤ 100 ካሬ ሜትር ገደማ ማለት ነው። አንዱ ዝርያ በአንዱ ጣቢያ ሦስት መደብ ደረሰው፤ የትኛው መደብ ለየትኛው ዝርያ እንደሚሆን የተወሰነው በዕጣ ነው። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ የተዘራው በሌላ መሬት ላይ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አትርሷት፣ ኋላ ትፈለጋለች።

አሥር ዝርያ በስድስት ቦታ፣ በሁለት ዓመት፣ በሦስት መደብ ስታባዙት 360 መደብ ይመጣል። የሦስት ሦስቱን መደብ አማካይ ስትይዙ 120 ቁጥር ይቀራል። ኢመር፣ ሄይስ እና ፓወርስ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ውጤቱን በ1934 አሳተሙት። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፤ የትኛው ዝርያ የትኛውን ቦታ ይወዳል? በዓመቱ ሮናልድ ፊሸር የተባለው እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ከዚሁ መረጃ አምስቱን ዝርያ ወስዶ «የሙከራዎች አነዳደፍ» በተሰኘው መጽሐፉ ውስጥ ምሳሌ አደረገው። መጽሐፉ ዝነኛ ሆነ፤ የሚኒሶታ ገብስም አብሮ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የስታቲስቲክስ ሰዎች ያንኑ ሰንጠረዥ እየተቀባበሉ ሲያሰሉት ኖሩ።

አማካይ የሚባል መጋረጃ

እስቲ እኛም እናስላው። ፈረንጆቹ ምርቱን የለኩት በቡሼል በኤከር ነው። አንድ ቡሼል ገብስ 22 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የስድስቱ ቦታ አማካይ በ1931 37 ቡሼል ነበር፤ በእኛ አነጋገር በሄክታር 20 ኩንታል ገደማ መሆኑ ነው። በ1932 ወደ 32 ቡሼል ወረደ፤ 17 ኩንታል ገደማ።

ጋዜጠኛ ብንሆን ምን ብለን እንጽፍ ነበር? «የሚኒሶታ የገብስ ምርት ቀነሰ»። ቁጥሩም ልክ፣ ዜናውም ልክ ነው። ወሬው ግን እዚያው ያልቃል።

አሁን አማካዩን በየቦታው እንዘርዝረው። ዋሴካ ከ54 ወደ 42 ወረደ። ክሩክስተን ከ44 ወደ 31፣ ግራንድ ራፒድስ ከ29 ወደ 21፣ የዩኒቨርሲቲው እርሻ ከ36 ወደ 30 ወረዱ። ዱሉዝም ከ30 ወደ 26 ገደማ ወረደ። ሞሪስስ? ሞሪስ ከ29 ወደ 41 ተኩል ወጣ!

አምስቱ ቁልቁል ሲሄዱ አንዱ ሽቅብ። ይህን «የምርት አማካይ ቀነሰ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ውጦት ነበር። አማካይ እንዲህ ነው፤ የወጣውንና የወረደውን በአንድ ማሰሮ ይከትና ያማስለዋል። ሾርባው ይጣፍጥ ይሆናል፤ ውስጡ ምን እንደገባ ግን ከቀማሹ ይልቅ የሚያውቀው ባለሙያዋ ናት።

ሰንጠረዡ ሙሉውን ይዞ የለም ወይ? ይዟል። ግን 120 ቁጥር ተደርድሮ ሲቀርብ ዓይን ይደክማል። የተደበቀ ነገር ባይኖርም የሚታይ ነገር የለም።

ሳጥኖቹ

መረጃን በትናንሽ ሳጥኖች ከፋፍሎ ጎን ለጎን መሳል የኮምፒውተር ዘመን ፈጠራ አይደለም። በ1874 የወጣው የአሜሪካ የስታቲስቲክስ አትላስ፣ በፍራንሲስ ዎከር መሪነት፣ የ1870ውን የሕዝብ ቆጠራ ግዛት በግዛት በትናንሽ ሳጥኖች አሳይቶ ነበር። ችግሩ ድካሙ ነበር፤ እያንዳንዱን ሳጥን በእጅ መሳል። ሳጥኖቹን በሌላ ቅደም ተከተል ላያቸው ያለ ሰው እንደገና ከመጀመሪያው ሊስል ነው።

ድካሙን ያቀለለው ሶፍትዌር ነው። በ1976 ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ጆን ቻምበርስና ባልደረቦቹ «ኤስ» የተሰኘ የስታቲስቲክስ የፕሮግራም ቋንቋ መሥራት ጀመሩ። በዚያው ቤት ይሠራ የነበረው ዊልያም ክሊቭላንድ ከጓደኞቹ ጋር «ትሬሊስ» የተባለውን የአሳሳል ዘዴ አወጣ። ትሬሊስ ማለት ሐረግ የሚወጣበት የእንጨት ርብራብ ነው፤ ሳጥኖቹ ተደርድረው ሲታዩ ያንን ርብራብ ስለሚመስሉ ነው ስሙ። በኋላ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ውስጥ ሮስ ኢሃካ እና ሮበርት ጄንትልማን የኤስን ፈለግ ተከትለው «አር»ን ሠሩ፤ ማንም በነፃ የሚወስደው ሶፍትዌር ነው። ዲፓያን ሳርካር የትሬሊስን ሐሳብ «ላቲስ» በሚል ስም ወደ አር አመጣው። በ2007 ደግሞ የሃድሊ ዊክሃም «ጂጂፕሎት 2» ወጣ፤ ዛሬ ብዙው ተማሪ የሚያውቀው ይህኛውን ነው።

የላቲስ ትዕዛዝ ደስ የሚል ነገር አለው። መጀመሪያ ምን ከምን ጋር እንደሚሳል ትጽፋላችሁ፤ ዝርያ ከምርት ጋር እንበል። ከዚያ አንዲት ቁልቁል የተሰመረች መስመር ታስገባላችሁ። ከመስመሯ ቀጥሎ «ቦታ» ብላችሁ ስትጽፉ ስድስት ሳጥን ወለል ይላል። ያቺ መስመር በአማርኛ «በየ» ማለት ናት። በየቦታው፣ በየክልሉ፣ በየዓመቱ። እኛ በሁለት ፊደል የምንለውን ኮምፒውተሩ በአንድ መስመር ይለዋል። ዓመቶቹን በቀለም ወይም በምልክት ለዩልኝ ማለትም ይቻላል፤ በአንድ ሳጥን ውስጥ 1931 ክብ፣ 1932 መስቀል ይሆናል።

ሁለት ደንቦች ግን አሉ። አንደኛ፣ ሳጥኖቹ ሁሉ በአንድ መለኪያ መሳል አለባቸው። አንዱ ሳጥን እስከ 30፣ ሌላው እስከ 60 ከሆነ፣ ዝቅተኛው ከከፍተኛው እኩል መስሎ ይታያል፤ በተለያየ ቁና እየሰፈሩ ማወዳደር ነው። ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተል ነው። ዝም ካሉት ሶፍትዌሩ ስሞችን በፊደል ተራ ይደረድራል። የፊደል ተራ ግን ስለ ገብስ የሚያውቀው ነገር የለም። ክሊቭላንድ ቦታዎቹንም ዝርያዎቹንም በምርታቸው መጠን ደረደራቸው። ያን ጊዜ ነው ሞሪስ ከመካከላቸው ብድግ ያለው።

ክሱ

ክሊቭላንድ በ1993 ባሳተመው «መረጃን ማሳየት» በተሰኘ መጽሐፉ ያንን ስዕል አወጣ። በአምስቱ ሳጥኖች የ1931 ምልክት በጥቅሉ ከ1932ቱ ይቀድማል። በሞሪስ ሳጥን ግን አሥሩም ዝርያዎች ተገልብጠዋል። አንድ ወይም ሁለት ዝርያ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባል ነበር። አሥሩም?

ማስረጃው ደግሞ እንዲሁ የሚናቅ አልነበረም። ዋሴካ በ12 ቡሼል ወረደ፤ ክሩክስተንም በ12 ወረደ፤ ሞሪስ በ12 ወጣ። የሞሪስን ሁለት ዓመታት ብታቀያይሯቸው ነገሩ ሁሉ ልክ ይገባል፤ ሞሪስም እንደ ጎረቤቶቹ በ12 ይወርዳል። በዚያ ላይ የ1934ቱ ጽሑፍ ራሱ አንድ ቦታ ላይ ሙከራው የተካሄደው በ1930 እና በ1931 ነው ይላል፤ በሌላው ቦታ ሁሉ ግን 1931 እና 1932። ዓመት ላይ የተደናቀፈ ሰው ሌላም ዓመት ላይ ሊደናቀፍ ይችላል፣ አይደለም እንዴ?

የክሊቭላንድ ድምዳሜ፣ የሞሪስ ዓመታት ሳይገለበጡ አልቀሩም የሚል ነበር። ታሪኩም ጣፋጭ ነው። ሊቃውንት ለስድሳ ዓመት ሲያሰሉት የኖሩትን መረጃ አንድ ጥሩ ስዕል አጋለጠው! መምህራን ለተማሪዎቻቸው ደጋግመው ነገሩት። መረጃው ከላቲስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ ሶፍትዌሩን የጫነ ሁሉ የክስ መዝገቡንም አብሮ ጫነ። የሦስቱ ተመራማሪዎች ስም ደግሞ በአዲሱ ትውልድ ዘንድ ከሥራቸው ይልቅ በአንድ ስህተት የሚነሳ ሆነ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለሳይንቲስት መዝገቡ ስሙ ነው።

የመከላከያ ምስክር

በ2013 ኬቪን ራይት የተባለ የግብርና መረጃ ባለሙያ ስለዚሁ ገብስ በአንድ የአሜሪካ የስታቲስቲክስ መጽሔት ላይ ጻፈ። ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን እስከዚያ ድረስ ክሱን የደገሙት ሰዎች አላደረጉትም። ወደ መዝገብ ቤት ተመለሰ። የሁለት ዓመቱን ሰንጠረዥ ትቶ ከ1927 እስከ 1936 ያለውን የአሥር ዓመት የምርት መዝገብ ከየጣቢያው ሰበሰበ፤ ተጨማሪ ዝርያዎችንም ጨመረ። የየአካባቢውን የአየር ጠባይ መዝገብም አጠገቡ አስቀመጠ።

ከዚያ ሳጥኖቹን እንደገና ሳላቸው። አሁን ሁለት ዓመት ሳይሆን አሥር ዓመት ሲታይ፣ አንዱ ጣቢያ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ ብርቅ ሆኖ አልተገኘም። ሞሪስ በ1931 እና በ1932 ያደረገውን ሌሎችም በሌላ ዓመት አድርገውታል። ራይት የደረሰበት መደምደሚያ መረጃው ስህተት ላይሆን እንደሚችል፣ በተፈጥሮ የቦታና የዓመት ልዩነት ሊብራራ እንደሚችል ነው። መሬቱም በየዓመቱ ይቀየር እንደነበር አስታውሱ። ዝናብም ቢሆን ከሞሪስ እስከ ዱሉዝ እኩል የሚጥልበት ምክንያት የለውም፤ ይህንን የእኛ አገር ገበሬ ያለ ሶፍትዌር ያውቀዋል።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። ሦስቱ ተመራማሪዎች በ1934 የጠየቁት ጥያቄ ምን ነበር? ዝርያ ከቦታ ቦታ፣ ከዓመት ዓመት እንዴት ይለያያል የሚል። ሞሪስ የሰጣቸው መልስ ነበር። እኛ መልሱን ስህተት አልነው።

ይሄ ለእኛ ምናችን ነው?

ቃል በገባነው መሠረት ደረስንበት። በ2016 የተካሄደውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እናንሳ። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 38 ከመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2000 58 ከመቶ ነበር። ትልቅ ለውጥ ነው፣ ደስም ያሰኛል። ዜናውን በዚህ መጨረስ ይቻላል። ግን ያቺን «በየ» የምትል መስመር እናስገባትና በየክልሉ እንክፈተው። በዚያው ዳሰሳ አዲስ አበባ 15 ከመቶ፣ አማራ ክልል 46 ከመቶ። «38» የሚባል ሕፃን የትም የለም። 38 ብለን ብቻ ከጻፍን የአዲስ አበባውን አስፈራርተን የአማራውን ሸፍነናል።

ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ክሊቭላንድ ያስተማረን። ክፈቱት፣ በየቦታው እዩት፣ በአንድ መለኪያ እዩት።

ሁለተኛው ከራይት የተማርነው ነው፤ እሱ ደግሞ ይከብዳል። ሳጥኖቹን ስትከፍቱ አንዱ ከሌሎቹ ተቃራኒ ሄዶ ታገኙታላችሁ። አንዲት ወረዳ ጎረቤቶቿ ሁሉ ሲወርዱ ትወጣለች። ያን ጊዜ ሁለት ፈተና ይመጣል። አንዱ «የመዝገብ ስህተት ነው» ብሎ መሰረዝ፤ ሌላው «ቁጥር ፈጠሩ!» ብሎ በትልቁ መጻፍ። ሁለቱም ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። እውነት ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ቁጥር የሚፈጥርም አይጠፋም። ግን ስዕሉ የሚነግረን «እዚህ ጋ ጥያቄ አለ» ብቻ ነው። መልሱ ያለው ወረዳዋ ውስጥ፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ፣ ዝናቡን ያየው ሰው ዘንድ ነው።

በአገራችን ወግ አንድ ምስክር ፍርድ አያሰጥም፤ ምስክሩ የቱንም ያህል ቆንጆ ሆኖ ቢሳል። ሞሪስ ሁለተኛውን ምስክር ለማግኘት ከ1993 እስከ 2013 ጠበቀ። ገብስ ስለሆነ ቻለው። ወረዳ ግን፣ በወረዳዋ ያለች ነርስ ግን፣ ሃያ ዓመት አትጠብቅም። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ «አማካዩ ይህን ያህል ነው» የሚል መግለጫ ሲሰጠን «በየቦታውስ?» ብለን እንጠይቅ፤ በየቦታው አይተን ስንደነግጥም ከመጻፋችን በፊት ስልኩን እናንሳ።

ቸር እንሰንብት።