ዕጣና ፍራክታል፦ የዘፈቀደ ሂደት በጂኦሜትሪ ትምህርት

ፍራክታል ክፍሉ ሙሉውን የሚመስል፣ ቀርበው ባዩት ቁጥር ያው ቅርጽ የሚደገምበት ንድፍ ነው። ስያሜውን በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቤኖይት ማንደልብሮት ነው። ለተማሪ ቀላሉ መግቢያ ፖላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሸርፒንስኪ በ1915 እ.ኤ.አ. የገለጸው ሦስት ማዕዘን ሲሆን፣ ማይክል ባርንስሊ «የትርምስ ጨዋታ» ባለው ዘዴ በዕጣ ይሳላል። ጎኑ 16 ሴንቲ ሜትር የሆነ እኩል ጎን ሦስት ማዕዘን ይሰመርና ጫፎቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ ይባላሉ፤ ፊደላቱም በሦስት ቁራጭ ወረቀት ተጽፈው ይጠቀለላሉ። ከውስጥ አንድ ነጥብ ተመርጦ ዕጣ ይወጣል፤ ከነጥቡ እስከ ወጣው ጫፍ ያለው ርቀት ተለክቶ እኩሌታው ላይ አዲስ ነጥብ ይደረጋል፤ ከዚያ ተነሥቶ እንደገና። በዕቁብ የደረሰው ሰው ከዕጣው ይወጣል፤ እዚህ ግን የወጣው ወረቀት ስለሚመለስ ያለፈው ዕጣ የሚመጣውን አይወስነውም።

ታዲያ ሥርዓቱ ከየት መጣ? ከዕጣው ሳይሆን ከምስስል ሕግ ነው። ወደ ሀ መሄድ ሙሉውን ሦስት ማዕዘን በግማሽ አሳንሶ ሀ ጥግ ላይ ያሳርፈዋል፤ ለ እና ሐም እንዲሁ። ሦስቱ ትንንሾች ሲገጣጠሙ መሐል ላይ የተገለበጠ ባዶ ሦስት ማዕዘን ይተርፋል፤ ወደ ውስጡ የሚመልስ ዕጣ የለም። መነሻው ነጥብ እዚያው ጎኑ 8 ሴንቲ ሜትር በሆነው ባዶ ውስጥ ቢሆን እንኳ፣ በመጀመሪያው ዕጣ ጎኑ 4 ወደሆነ ክፍተት ይዛወራል፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 1፤ በሰባተኛው ክፍተቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሆን የእርሳስ ጫፍ ይሸፍነዋል። 50 ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሰባት ነጥቦች ትተው በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ሃያ ሃያ ቢያሰፍሩ 1,000 ነጥብ ይሆናል፤ ንድፉም በግልጽ ይታያል።

«ዕጣ ከሆነ ውጤቱ እንዴት አስቀድሞ ይታወቃል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። የሚቀጥለው ነጥብ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም፤ ሊያርፍባቸው የሚችሉት ስፍራዎች ግን የተወሰኑ ናቸው። ማስረጃው ካሬ ነው፦ በአራቱ ጫፎች ያው ጨዋታ ቢደረግ አራቱ ትንንሽ ካሬዎች ያለ ክፍተት ስለሚገጥሙ ወረቀቱ በነጥብ ይሞላል እንጂ ንድፍ አይወጣም። ዕጣውም እኩሌታውም ያው ሆኖ የተለየው አገጣጠሙ ነው። ሌላው ተቃውሞ መሐሉን እየቆረጡ ማውጣት ይቀላል የሚል ነው። ይቀላል፤ ሮን ኤግላሽ በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ አፍሪካ ፍራክታሎች ባሳተመው መጽሐፍ ያነሣቸው የኢትዮጵያ መስቀሎችም የታቀደ ድግግሞሽ ያሳያሉ። ነገር ግን አንጥረኛው ንድፉን አስቀድሞ በልቡ ይዞታል፤ የዕጣው ትምህርት ያላቀደው እጅም ሥርዓት እንደሚያወጣ ማሳየቱ ነው።

ይህ የዕጣና የሕግ ልዩነት ከክፍል ውጭም ይጠቅማል። በአምቦ የሚያልፈው የሁሉቃ ወንዝ ወደ ጉደር፣ ጉደርም ወደ ዓባይ ይገባል፤ በተራራ ጥግ ያለች የጎርፍ ቦይም ቅርንጫፎቿ ሲታዩ የትልቁን ወንዝ መልክ ትይዛለች። ወንዝ እንደ ሸርፒንስኪ ሦስት ማዕዘን ፍጹም አይደለም፤ መመሳሰሉም እስከ ተወሰነ መጠን ብቻ ነው። ቢሆንም ጥያቄው አንድ ነው፦ የቱ ዕጣ፣ የቱ ሕግ ነው? ዝናቡ የት እንደሚበረታ፣ አፈሩ የት እንደሚላላ የዕጣ ያህል ነው፤ ውሃ ቁልቁል መፍሰሱና የጠለቀ ቦይ ተጨማሪ ውሃ መሳቡ ግን ሕግ ነው። ሦስቱን ወረቀት ያወጣ ተማሪ ቦዩን ሲያይ ሁለቱን ለይቶ መጠየቅ ይችላል።