ቢስክሌትና የሠራተኛው ዕረፍት

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፈርናንድ ሌዤ በ1948 እና በ1949 የሠራው፣ ዛሬ በፓሪስ የብሔራዊ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው ሥዕል «የዕረፍት ጊዜ» የሚል ስያሜ አለው። በሸራው ላይ ነገሥታትም ባለጸጎችም አይታዩም። ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ከቢስክሌቶቻቸው ጋር፣ ፎቶግራፍ ለመነሣት የቆሙ ይመስል፣ ተመልካቹን ፊት ለፊት ያዩታል። አንዲቱ ሴት፣ ሥዕሉ ለአብዮቱ ዘመን ሠዓሊ ለሉዊ ዳቪድ መታሰቢያ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ይዛለች። ሌዤ ተራውን ሕዝብ ከነቢስክሌቱ ለታላቅ ሥዕል የተገባ ርእስ ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሠራተኛው ቢስክሌቱን ከፋብሪካው በር ወደ ባሕሩ ዳርቻ ለማዞር እንዲችል ረጅም ትግል አስፈልጎ ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቢስክሌት በፈረንሳይ ሲጀመር የሀብታሞች መጫወቻ ነበር። የሠረገላ ዕቃዎች ይሠራ የነበረው አንጥረኛ ፒየር ሚሾ በ1860ዎቹ በፓሪስ ለገበያ ያቀረበው መንኰራኵር፣ ፔዳሉ በፊተኛው ጎማ ላይ የተገጠመ፣ ከባድና አጥንት የሚያናጋ ነበር። በ1869 ከፓሪስ እስከ ሩዋን 123 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ውድድር ተደርጎ እንግሊዛዊው ጄምስ ሙር አሸነፈ። ቢስክሌትን ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ያበቁት ግን ኋላ የመጡ ሁለት ግኝቶች ናቸው። እነሱም በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ያወጣው፣ የኋላው ጎማ በሰንሰለት የሚዞር ቢስክሌትና በ1888 ጆን ደንሎፕ የሠራው በአየር የሚነፋ ጎማ ናቸው። ይህም ሆኖ በ1890ዎቹ የአንድ ቢስክሌት ዋጋ የሠራተኛውን የብዙ ወራት ደመወዝ የሚጠይቅ ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት በ1893 በእያንዳንዱ ቢስክሌት ላይ በዓመት 10 ፍራንክ ግብር መጣሉ፣ ዕቃው እንደ ቅንጦት ይታይ እንደነበረ ያስረዳል።

ምርቱ ሲበዛ ዋጋው ወረደ፤ ያገለገሉ ቢስክሌቶችም ከእጅ ወደ እጅ ይሸጡ ጀመር። በ1914 በፈረንሳይ ግብር የሚከፈልባቸው ቢስክሌቶች ከ3 ሚሊዮን በልጠው ነበር። ሠራተኛው ምሳ ዕቃውን ከኋላ አስሮ፣ መብራቱን አብርቶ በጠዋት ወደ ሥራ ይገሰግስ ጀመር። በእግሩ ብቻ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ፋብሪካው አጠገብ በውድ ኪራይ ለመኖር ይገደድ የነበረው ሰው፣ አሁን ራቅ ብሎ ርካሽ ቤትና ጓሮ ለመፈለግ ቻለ።

በዚያው ዘመን ረጅም ርቀት በቢስክሌት መጓዝ በሁለት መንገድ ይስፋፋ ነበር። አንደኛው ውድድር ነው። በ1891 ሻርል ቴሮን ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ የሚመለሰውን 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ 72 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ፈጸመ። በ1903 የመጀመሪያውን የቱር ደ ፍራንስ ውድድር ያሸነፈው ሞሪስ ጋረን በልጅነቱ የጭስ ማውጫ ጠራጊ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ የድኻ ልጅ ረጅሙ መንገድ መዝናኛ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ለጤናና ለመንፈስ ደስታ የሚደረግ ጉዞ ነው። የዚህ አባት የሚባለው ቬሎሲዮ በሚል የብዕር ስም የታወቀው ፖል ደ ቪቪ ሲሆን፣ የድንጋይ ከሰል፣ የጦር መሣሪያና የቢስክሌት ሥራ በደራባት በሳን-ኤትየን ከተማ ይኖር ነበር። በ1887 ስለ ቢስክሌት ጉዞ የሚጽፍ መጽሔት አቋቋመ። ተራ ሰው ተራራ መውጣት እንዲችል ማርሹ ሊቀያየር ይገባል ብሎም እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1930 ድረስ፣ ተከራከረ። የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጆች ማርሽ መቀየሪያን የፈቀዱት ገና በ1937 ነው። ይሁን እንጂ ቬሎሲዮ በሐር ንግድ ይተዳደር የነበረ፣ ጊዜውን ራሱ የሚያዝዝ ሰው ነበር። የከሰል ማዕድን ሠራተኛው ከእሱ ያነሰው በጉልበት አልነበረም፤ የራሱ የሆነ ቀን ስላልነበረው ነው።

ያ ቀን የተገኘው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1906 ሳምንታዊ ዕረፍት፣ በ1919 የ8 ሰዓት የሥራ ቀን በሕግ ተደነገገ። በ1936 በግንቦትና በሰኔ ወር ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ብዙዎቹም ፋብሪካዎቹን ይዘው እዚያው አደሩ። በውጤቱም ሰኔ 20 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት የ15 ቀን ዓመታዊ ፈቃድ፣ በማግስቱም የ40 ሰዓት የሥራ ሳምንት ታወጀ። በሌዎ ላግራንዥ አማካይነት የባቡር ዋጋ ለዕረፍት ተጓዦች በ40 ከመቶ ተቀነሰ።

በዚያ በጋ የፈረንሳይ መንገዶች በቢስክሌት ተሞሉ። ባልና ሚስት ለሁለት ሰው በተሠራው ታንዴም ተቀምጠው፣ ድንኳንና ድስት ጭነው ወደ ባሕር ወረዱ። ብዙዎቹ ባሕርን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ገንዘብ አጥሮት ከሰፈሩ ያልራቀ ወይም ገጠር ካሉት ዘመዶቹ ዘንድ የሰነበተው ሠራተኛም ጥቂት አልነበረም። ዋናው ቁም ነገር ግን መሣሪያው አለመለወጡ ነው። ያ ቢስክሌት ትናንት የፋብሪካውን ፊሽካ እየሰማ የሚሮጠው ያው ቢስክሌት ነው፤ አዲስ የተገኘው በነፃነት የሚጋለብበት ጊዜ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሞተር ብስክሌትና መኪና እየበዙ ሲሄዱ ቢስክሌት ከሠራተኛው ደጃፍ እየራቀ መጣ። የሌዤ ሥዕል የተሠራው በዚህ ለውጥ ዋዜማ ነው። ታሪኩ ግን በዚያ አላበቃም። በ2024 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳመለከተው፣ በፓሪስ ከተማ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ 11 ከመቶ ያህሉ በቢስክሌት፣ 4 ከመቶ ያህሉ ብቻ በመኪና ነው። የፓሪስ-ብሬስት-ፓሪስ ጉዞም በ1931 ለተራ ጋላቢዎች ከተከፈተ ወዲህ ቀጥሏል፤ በየ4 ዓመቱ በሚደረገው በዚህ ጉዞ ላይ በ2023 ብዙ ሺህ ሰዎች መንገዱን በ90 ሰዓት ለመጨረስ ተነሥተዋል። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ በማግስቱ ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። ሌዤ በሸራው ላይ ያቆማቸው ሰዎችም እንደዚሁ ሰኞን የሚያውቁ ነበሩ፤ በፊታቸው ላይ የሚነበበው እርጋታ፣ ያች ቀን የራሳቸው መሆኗን ከማወቅ የመጣ ነው።