የበዓል ጉዞና የመባ ሕግ

በአገራችን የቆየ ልማድ ወደ ታላቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ሁሉ እጅ መንሻ ይዞ ይቀርባል እንጂ ባዶ እጁን አይሄድም። ባለጠጋው ሰንጋ ይነዳል፤ ገበሬው ማር ወይም ሙክት ያቀርባል። ነገር ግን ምንም የሌለው ሰው ምን ይዞ ይቅረብ? ከደጅ ይመለስን? ወይስ ተበድሮ ይምጣ? ይህ ጥያቄ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ከጥንት ጀምሮ ሕግ አውጪዎችን ሲያሳስብ የኖረ ነው። የእስራኤል ሕግ ስለ በዓል ጉዞና ስለ ቤተ መቅደስ መባ ሲደነግግ ለዚህ ጥያቄ ምን መልስ እንደ ሰጠ፣ መልሱም በአገራችን ምን መልክ እንደ ያዘ በዚህ ጽሑፍ ልንመለከት አስበናል።

ነገሩን ከቅርባችን፣ ከአዳማ ከተማ እንጀምር። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ የምትገኘው ይህች ከተማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ ተሰይማ፣ የቀድሞ ስሟ እስኪመለስላት ድረስ በዚሁ ስትጠራ ኖራለች፤ ዛሬም በሁለቱም ስም የሚጠራት ብዙ ነው። ስሙ የተወሰደባት የገሊላዋ ናዝሬትም ከኢየሩሳሌም ያላት ርቀት አዳማ ከአዲስ አበባ ካላት ርቀት ብዙ አይለይም። በእግር ለሚሄድ የሦስት ወይም የአራት ቀን መንገድ ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ በ2ኛው ምዕራፍ እንደሚነግረን ዮሴፍና ቅድስት ማርያም ለፋሲካ በዓል በየዓመቱ ይህን መንገድ ይሄዱ ነበር፤ ጌታ ኢየሱስም የ12 ዓመት ልጅ በሆነ ጊዜ አብሯቸው ወጣ። በዚሁ ምዕራፍ ቀደም ብሎ ሕፃኑን ወደ ቤተ መቅደስ ባመጡት ጊዜ ለመባ የሚቀርበው ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት እንደ ነበረ ተጽፏል። ሉቃስ ቤተሰቡ ድሀ ነበረ ብሎ አልጻፈም፤ ሆኖም ኦሪት ዘሌዋውያን 12ኛ ምዕራፍን ለሚያውቅ አንባቢ መባው ራሱ ይናገራል። ሁለት ወፍ ይቅረብ ተብሎ የተፈቀደው በግ ለመግዛት አቅም ላነሳት እናት ነውና።

ሕጉ እንዲህ ነው። በኦሪት ዘዳግም 16ኛ ምዕራፍ እንደ ተደነገገው እያንዳንዱ ወንድ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ማለት በቂጣ በዓል፣ በሰባቱ ሱባዔ በዓልና በዳስ በዓል፣ እግዚአብሔር በመረጠው ስፍራ መታየት አለበት። ሦስቱም በዓላት ከእርሻ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የመጀመሪያው በገብስ መከር መጀመሪያ፣ ሁለተኛው በስንዴ መከር፣ ሦስተኛው እህልና ወይን ከተከተተ በኋላ ይውላል። በዕብራይስጥም «እግር» በሚለው ቃል ይጠራሉ፤ ሰው በእግሩ ወጥቶ የሚያከብራቸው ስለ ሆኑ ነው። ሕጉ ጉዞውን ካዘዘ በኋላ ሁለት ትእዛዞችን በአንድነት ያስከትላል፤ ማንም ባዶ እጁን አይምጣ፤ እያንዳንዱም እንደ በረከቱ መጠን ያምጣ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ብቻውን ቢሆን ድሀው ከደጅ በቀረ ነበር፤ ሁለተኛውም ብቻውን ቢሆን ባለጠጋው ሰበብ ባገኘ ነበር።

በ200 ዓመተ ምሕረት ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ይህን በዝርዝር ያብራራል። ሕፃን፣ ዕውር፣ አንካሳ፣ ሕመምተኛ፣ በእግሩ መውጣት የማይችል ሽማግሌ ከጉዞው ነፃ ናቸው። ተጓዡ የሚያቀርበው በተለይ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው በመሠዊያ ላይ ፈጽሞ የሚቃጠል መሥዋዕት፣ ሁለተኛው ባለቤቱ ከቤተሰቡና ከእንግዶቹ ጋር የሚበላው የደኅንነት መሥዋዕት ነው። ስለ ዝቅተኛው ዋጋ የሻማይና የሂሌል ተማሪዎች ተከራክረዋል። የሻማይ ወገኖች ለሚቃጠለው ሁለት፣ ለሚበላው አንድ ማዓ ይሁን አሉ፤ የሂሌል ወገኖች ግን ለሚበላው ሁለት፣ ለሚቃጠለው አንድ ይሁን አሉ። ማዓ የዲናር ስድስተኛ እጅ የሆነች ትንሽ የብር ገንዘብ ነበረች። ሁለቱም ወገኖች መነሻውን እንጂ መድረሻውን አልወሰኑም። ደግሞም ብዙ ቤተሰብና ጥቂት ሀብት ያለው ሰው የሚበላውን አብዝቶ የሚቃጠለውን እንዲያሳንስ፣ ብዙ ሀብትና ጥቂት ቤተሰብ ያለው ግን የዚህን ተቃራኒ እንዲያደርግ ተፈቀደ። የልጆች ረኃብ በመሠዊያው ሂሳብ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ኦሪቱም ራሱ በበዓሉ ማዕድ ላይ አገልጋዩን፣ ስደተኛውን፣ ድሀ አደጉንና መበለቲቱን በስም እየጠራ ያስቀምጣቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የበኵራት ሥርዓት ነው። ሚሽና እንደሚተርከው የየአውራጃው ሰዎች ተሰብስበው ሲወጡ ቀንዱ በወርቅ የተለበጠ፣ የወይራ አክሊል የደፋ በሬ ፊት ፊታቸው ይሄድ ነበር፤ ዋሽንትም ይነፋላቸው ነበር። ባለጠጎች ፍሬያቸውን በብርና በወርቅ ዕቃ፣ ድሆች ደግሞ ከተላጠ የአኻያ ቀንበጥ በተሠራ ቅርጫት ይዘው ይመጡ ነበር። በመሠዊያውም ፊት እያንዳንዱ በኦሪት ዘዳግም 26ኛ ምዕራፍ የተጻፈውን ቃል ይናገራል። በመጀመሪያ ማንበብ የሚያውቅ ራሱ ያነብ ነበር፤ ለማያውቅ ግን ሌላ ሰው እያነበበለት ይከተል ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ያልተማሩት መምጣት ተዉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሕዝብ ፊት አለማወቁ እንዲገለጥበት የሚወድ የለም። ሊቃውንቱም ይህን ባዩ ጊዜ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም እኩል ይነበብለት ብለው ደነገጉ። አስተማሪዎች የሆንን ሁሉ ይህን ድንጋጌ ደጋግመን ልናስበው ይገባናል፤ ሰነፉን ከመውቀስ ይልቅ የኀፍረቱን ምክንያት አነሡለት።

ሥርዓቱ ግን ያለ እንከን አልነበረም። በታልሙድ እንደ ተመለከተው ካህናቱ የባለጠጋውን የወርቅ ዕቃ ይመልሱለት ነበር፤ የድሀውን የአኻያ ቅርጫት ግን ከነፍሬው ያስቀሩት ነበር። ሊቃውንቱ ራሳቸው ይህን ሲያነሡ ድህነት የድሀውን እግር ተከትሎ ይሄዳል የሚል ምሬት ያለበት ተረት ጠቅሰውበታል። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያው ቤተ መቅደስ የምስጢር ክፍል የሚባል ነበረ። ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው ሰዎች ማንም ሳያያቸው ገንዘብ ያኖሩበታል፤ ከደግ ቤት ተወልደው የተቸገሩ ሰዎችም ማንም ሳያያቸው ይረዱበታል። ሰጪውም አይታወቅ፣ ተቀባዩም አይታወቅ።

ቤተ መቅደሱ በ70 ዓመተ ምሕረት በሮማውያን እጅ ፈረሰ። ስፍራው ከጠፋ በኋላ ሕጉ ምን ይሁን? አብዛኞቹ አይሁድ መሥዋዕቱን ትተው ጸሎትን በስፍራው ተኩ። በአገራችን በስሜን፣ በወገራና በደምቢያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ግን ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ በፋሲካ በግ ይሠዉ፣ በሌሎችም ጊዜያት መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት የመጡ ሚስዮናውያን፣ ኦሪት ዘዳግም 12ኛ ምዕራፍን እየጠቀሱ፣ ከተመረጠው ስፍራ ውጭ መሠዋት አይገባም ብለው ተከራከሯቸው። በ1862 አባ ማሕሪ የተባሉ መነኵሴ ሕዝቡን አስነሥተው፣ እንደ ሙሴ ዘመን ባሕር ይከፈልልናል በሚል ተስፋ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀመሩ። ብዙዎች በትግራይ ምድር በረኃብና በበሽታ አለቁ፤ የተረፉትም ተመለሱ። ይህ ሁሉ የሆነው በዓመት ሦስት ጊዜ ሊታዩበት ስለ ታዘዙት ስፍራ ነበር።

መሥዋዕቱ ቀስ በቀስ ሲቀር ስግድ የሚባለው በዓል ጸንቶ ቆየ። ከማስተሥረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ጾመው ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ አንዳንዱ ድንጋይ በራሱ ተሸክሞ ትሕትናውን ይገልጣል፤ ቄሶች ኦሪት ያነባሉ፤ ከዚያም ወርደው ማዕድ በአንድነት ይቆርሳሉ። ድንጋይ ለሀብታምም ለድሀም ያው ድንጋይ ነው። በ1984፣ በ1985ና በ1991 ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ከተወሰዱ በኋላ በዓሉን ቤተ መቅደሱ የነበረበትን ተራራ ከሚያሳይ ከፍታ ላይ ሆነው ያከብራሉ፤ በ2008 ደግሞ የእስራኤል መንግሥት በዓሉን ብሔራዊ በዓል አድርጎ በሕግ አጸናው።

አሁን ወደ ስምጥ ሸለቆ እንመለስ። በዝዋይ ሐይቅ በቱሉ ጉዶ ደሴት የምትገኘው ደብረ ጽዮን፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ከአክሱም ታቦተ ጽዮንን ይዘው የተሸሸጉባት ናት ተብሎ በትውፊት ይነገርላታል። በመጋቢት 5ና በጥቅምት 5 ቀን ምእመናን ወደ ዝቋላ ተራራ ወደ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ደብር ይወጣሉ። በታኅሣሥ 19ና በሐምሌ 19 ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚነሣው ተሳላሚ በአዳማ በኩል አልፎ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ይጓዛል፤ ይህም ደብር ራስ መኰንን ከ1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል በኋላ ስለ ምስጋና ያሠሩት እንደ ሆነ ይነገርለታል። የእኛ ስለት ከኦሪቱ መባ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ያኛው በሕግ የታዘዘ ሲሆን ይኸኛው ሰው በራሱ አፍ የሚያስረው ነው። ነገር ግን ባዶ እጅ ላለመቅረብ ያለው ስሜት አንድ ነው።

በየበዓሉ ቦታ በድምፅ ማጉያ የሰጪው ስምና የገንዘቡ ልክ ሲነገር፣ ሕዝቡም ሲያጨበጭብ ሰምተናል። ይህ ለጋሱን ያበረታል የሚሉ አሉ፤ እኛም አንክድም። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ከሕዝቡ ኋላ አንዲት ጧፍ በነጠላዋ ሸፍና የቆመች እናት እንዳለች መርሳት አይገባም። የስሟ መጠራት ቀርቶባት ኀፍረት እንዳይደርስባት ብቻ ትሻለች። ጥንታውያኑ ሊቃውንት ለማያነበው ሰው ያደረጉትን ለእርሷም ማድረግ አያቅትም፤ የሁሉም ስለት ያለ ስምና ያለ ልክ ይነገር፤ ወይም እንደ ምስጢሩ ክፍል አንድ ሣጥን በጨለማ ማዕዘን ይቀመጥ። እንዲህ ቢደረግ እርሷም በሚቀጥለው ዓመት ሳታፍር ትመጣለች።