የከብቶች የመጀመሪያ መከታ፦ «ገዳይ ሕዋሳት» እና የሚቀሰቅሷቸው ፕሮቲኖች

አንድ ጥጃ ከታመመች ላም ትንፋሽ የከብት ቲቢ ባክቴሪያ ቢስብ፣ ሰውነቱ ባክቴሪያውን ለይተው የሚያውቁ የመከላከያ ሕዋሳትን አዘጋጅቶ ለማሰለፍ ሳምንታት ይፈጅበታል። እስከዚያው ድረስ ግን ያለ መከታ አይቀርም። «ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት» የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ቀድመው ይደርሳሉ። ስማቸው ያስፈራል እንጂ ለከብቱ ጠባቂዎቹ ናቸው። የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 በከብት ደም ውስጥ እነዚህን ሕዋሳት የሚለይ የገጽ ምልክት ካገኙ ወዲህ ጥናቱ ተስፋፍቷል።

ገዳይ ሕዋሳት በሙሉ ኃይላቸው የሚሠሩት ጥሪ ሲደርሳቸው ነው። ባክቴሪያን የሚውጡ ሌሎች ሕዋሳት አደጋውን ሲያውቁ ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይረጫሉ። በበረቱ በር ያለው እረኛ ሲጮህ የተኛው ሁሉ ብድግ እንደሚል ማለት ነው። ከእነዚህ ፕሮቲኖች ዋናዎቹ ኢንተርሉኪን-12፣ ኢንተርሉኪን-15 እና ኢንተርሉኪን-18 ናቸው። ፕሮቲኑ በገዳዩ ሕዋስ ገጽ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገጥም መልእክቱ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይተላለፋል። ሕዋሱም ሁለት ነገር ያደርጋል፦ የተበከለውን ሕዋስ የሚበሱና የሚያጠፉ ፕሮቲኖችን ያከማቻል፤ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ሌላ መልእክተኛም ያመነጫል። ይህ ደግሞ ተመልሶ ዋጮቹን ሕዋሳት በውስጣቸው የያዙትን ባክቴሪያ እንዲገድሉ ያበረታል። በላቦራቶሪ ውስጥ በኢንተርሉኪን-12 እና 15 የተቀሰቀሱ የከብት ገዳይ ሕዋሳት የቲቢውን ባክቴሪያ እድገት መግታታቸው ታይቷል።

ነገሩ ለደቡብ ኦሞ አርብቶ አደር ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት በሐመር ወረዳ ከተመረመሩት ከብቶች በቲቢ ምርመራ አዎንታዊ የሆኑት ከ1 በመቶ በታች ነበሩ። በአንጻሩ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ዘመናዊ የወተት እርባታዎች የተካሄደ ሌላ ጥናት 30 በመቶ ያህል አግኝቷል። በእነዚያ እርባታዎች የሚበዙት የውጭ ዝርያዎችና ዲቃላዎች በአንድ ጣራ ሥር ተጠጋግተው ስለሚኖሩ በሽታው በቀላሉ ይዛመታል። ስለዚህ ወደ ጂንካ የተዳቀለች ላም የሚያስመጣ ሰው ከወተቱ ጋር በሽታውንም እንዳያስገባ ሊያስብ ይገባል።

ለሕፃናት በክንዳቸው የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት መነሻው የከብት ቲቢ ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት የወጣ፣ በኢትዮጵያ የተካሄደ ሙከራ የተከተቡ ጥጆች በሽታውን የማስተላለፍ ዕድላቸው በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የጥጃ ገዳይ ሕዋሳትም ለቢሲጂ ምላሽ እንደሚሰጡ በሌሎች ጥናቶች ተረጋግጧል። ሆኖም ክትባቱ የተለመደውን የቆዳ ምርመራ ስለሚያምታታ፣ የተከተበውን ከታመመው የሚለይ የተለየ ምርመራ ይጠይቃል።

በደም የሚሠራው ምርመራ የሚለካው ከላይ የተጠቀሰውን ኢንተርፌሮን ጋማ ነው። ነገር ግን የጥጆች ገዳይ ሕዋሳት ብዙና ንቁ ስለሆኑ ፕሮቲኑን ያለ በሽታም ሊያመነጩ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ከ6 ወር በታች የሆነ ጥጃ ውጤት በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ በአንድ ምርመራ ብቻ ጥጃን ማስወገድ ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

የቆዳ ምርመራ ውጤት የሚነበበው መርፌው ከተወጋ ከ72 ሰዓት በኋላ ነው። የቅዳሜ ገበያ ላይ ላም የሚገዛ ሰው በዕለቱ መልስ አያገኝም። በመሆኑም የእንስሳት ሐኪም አስቀድሞ ማማከር፣ ካልተቻለም አዲሷን ላም እስክትመረመር ድረስ ከመንጋው ለይቶ ማቆየትና ወተቷን አፍልቶ መጠጣት ያስፈልጋል።