የበዓል ትራፊ ለሥራ ቀን እራት፦ ከእንጀራው ቀነስ፣ ከጎመኑ ጨመር



በስደት አገር በዓሉ በአንድ ቀን ቢያልፍም ድስቱ በአንድ ቀን አያልቅም። አገር ቤት ቢሆን ጎረቤት ይጠራል፣ ዘመድ ይመጣል፣ ከተረፈውም ለነዳያን ይሰጣል። እኔ በምኖርባት በዩለስ፣ በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል ባለችው ከተማ፣ እንግዳው ማምሻውን መኪናውን አስነስቶ ወደ ጋርላንድ ወይም ወደ አርሊንግተን ይመለሳል። በማግስቱም አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የሚሠራው ሰው ሳይነጋ ይነሣል። ፍሪጅ ውስጥ የቀረው ዶሮ ወጥ፣ ጥብስ፣ አይብና ድፎ ዳቦ ግን ሳምንቱን ሙሉ የባለቤቶቹ ዕዳ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ትራፊውን ሳይደፉ፣ እንጀራንም ሳያበዙ፣ ከሥራ መልስ በግማሽ ሰዓት ቀለል ያለ እራት ማቅረብ ለሚፈልጉ ነው። በቤታችን ጉዳዩ የውበት ወይም የፋሽን ነገር አይደለም። ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ለብቻዋ ሳህን ሲቀርብላት «እኔን ከማዕድ ለያችሁኝ» ብላ እጇን ትሰበስባለች። ስለዚህ የተስማማነው ሁላችንም ከአንድ ትሪ፣ አንድ ዓይነት እራት እንድንበላ ነው። ጉርሻውም አልቀረም፤ የሚጠቀለልበት ብቻ ተለወጠ።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ጤፍ ግሉተን የለውም። ብረትና ካልሲየምም አለው። ይህ ማለት ግን ካርቦሃይድሬት የለውም ማለት አይደለም። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለ። እርሾው ሲያቦካው ጥቂቱን ቢበላም አብዛኛው ይቀራል። በአሜሪካ የሚሸጠው እንጀራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይቀላቀልበታል፤ የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ ይጠቅማል።

ድርቆሽን «ቀለል ያለ» አድርጎ የሚያስብ ሰው አለ። እንጀራ ሲደርቅ የሚቀነሰው ውኃው ብቻ ነው፤ ስለዚህ በግራም ሲመዘን ድርቆሽ ከእርጥቡ እንጀራ ይልቅ ካርቦሃይድሬት ይበዛበታል።

ወጡም ቢሆን የራሱ ሒሳብ አለው። በ100 ግራም ጥሬ ሽንኩርት ውስጥ 9 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይገኛል። ሽንኩርቱ ቢቁላላም ይህ አይጠፋም። በ2 ኪሎ ሽንኩርት የተሠራ ዶሮ ወጥ በጠቅላላው ወደ 180 ግራም ይይዛል፤ ለ12 ብልት ሲካፈል ለአንዱ 15 ግራም ያህል ይደርሳል። ይህ ብዙ አይደለም፤ መረቁን በጭልፋ ደጋግሞ ለሚጨምር ሰው ግን ይደመራል። ሥጋው፣ ዕንቁላሉና አይቡ ካርቦሃይድሬታቸው እጅግ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ከበዓሉ ድስት የሚከብደው ወጡ ሳይሆን ከሥሩ የሚነጠፈው ነው።

ሁለተኛ ጥንቃቄው

አገር ቤት ፍሪጅ በሌለበት ወጡን ጠዋትና ማታ ማሞቅ የተለመደ ነው። ይህ ልማድ እዚህ አያስፈልግም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ምግብ ውስጥ የሚተዉት መርዝ ቢሞቅም አይጠፋም። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር መመሪያ እንዲህ ይላል፦ የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ (90 ፋራናይት) በላይ ከሆነ ደግሞ ከ1 ሰዓት አይለፍ። ፋሲካን በግቢ ውስጥ ለምናከብር ቴክሳሶች ይህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የኛ ነው።

ትልቁን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱት፤ መሐሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍሉት። በፍሪጅ ከ3 እስከ 4 ቀን፣ በፍሪዘር ከ2 እስከ 3 ወር ጣዕሙ ሳይለወጥ ይቆያል። ስታሞቁት እስከ 74 ዲግሪ (165 ፋራናይት) ይድረስ። ገበታ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ጥሬ ክትፎ ግን ይጣል፤ ዋጋው ቢያሳዝንም አያድርስ።

አራት እራት

1. ዶሮ ወጥ በጎመን ቅጠል። ወጡ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ቅቤው ከላይ ሲረጋ በማንኪያ ግፈፉት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ብቻውን ከ110 ካሎሪ በላይ ነው። የተገፈፈውን አትጣሉት፤ በርበሬ የጠጣ ቅቤ ለሌላ ቀን ጎመን ይሆናል። ሥጋውን ከአጥንቱ አላቅቁና በጥቂት መረቅ አሙቁ። የአበሻ ጎመን ብለን የምንገዛውን ሰፊውን የኮላርድ ቅጠል፣ የመሐል አገዳውን አውጥታችሁ፣ በፈላ ውኃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ንከሩት። ሥጋውን፣ ሩብ ዕንቁላልና አይብ ጨምሩበትና ጠቅልሉት። ዩለስ በርካታ የቶንጋ ተወላጆች የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ እነርሱም ሥጋን በጎደሬ ቅጠል ጠቅልለው የሚያበስሉት «ሉ» የተባለ ምግብ አላቸው። ቅጠል እንጀራን ሲተካ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።

2. ጥብስ በአበባ ጎመን። አበባ ጎመኑን በካሮት መፋቂያ ፍቁና ውኃ ሳትጨምሩ በሰፊ መጥበሻ ለ5 ደቂቃ አማስሉት። በ100 ግራም ውስጥ 5 ግራም ያህል ብቻ ካርቦሃይድሬት አለው፤ ያው መጠን የበሰለ ነጭ ሩዝ 28 ያህል ይይዛል። የሞቀውን ጥብስ ከነቃሪያው ከላይ አድርጉበት። ጨው አትድገሙ፤ ትራፊው ጨው አለው።

3. አይብና ጎመን ከዕንቁላል ጋር። የተቀቀለ ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ጠበስ አድርጉ። አይቡን ሳታሞቁ በትኑበት፤ ከወጡ የወጣውን ዕንቁላል አሙቃችሁ ለሁለት ሰንጥቁና ደርድሩበት። ከሁሉ ፈጣኑ ይህ ነው።

4. የዶሮ ሾርባ። ጥቂት ሥጋና ብዙ መረቅ ከቀረ፣ ውኃ ጨምሩና ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣና ዝኩኒ ከትፋችሁ ለ15 ደቂቃ አፍሉት። መረቁ ስለሚበተን ለአንድ ሰው የሚደርሰው ሽንኩርትም ቅቤም ይቀንሳል።

ድፎ ዳቦውስ? በአንድ ቀን አታሳዱት። ቆርጣችሁ በፍሪዘር አኑሩት፤ እንግዳ ሲመጣ አንድ ቁራጭ ይወጣል።

እንጀራው ፈጽሞ ይቅር ወይ?

እኔ እንዲህ አላልሁም። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር የሚመክረው የሳህን ዘዴ ቀላል ነው፦ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ካለው ሳህን ግማሹ ቅጠላ ቅጠልና አትክልት፣ ሩቡ ፕሮቲን፣ ሩቡ እንደ እንጀራ ያለ ካርቦሃይድሬት ይሁን። በትሪ ለምንበላው ለእኛ ችግሩ እንጀራው ድንበር የሌለው መሆኑ ነው። እኛ ቤት ትሪው ላይ አይነጠፍም። ተጠቅልሎ በጎን ይቀመጣል፤ የእያንዳንዱ ድርሻም ይታወቃል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን ልብ ይባል። ኢንሱሊን ወይም ስኳርን በኃይል የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው እንጀራውን በድንገት ቢቀንስ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ይህም አደገኛ ነው። እናቴም አመጋገቧን የለወጠችው መድኃኒቷ በሐኪም ከተስተካከለ በኋላ ነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

የጾሙ ነገር

ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ ትራፊውን በተከታታይ መጨረስ ይቻላል። ከገና በኋላ ግን ረቡዕና ዓርብ ይመለሳሉ፤ ስለዚህ በበዓሉ ማታ ቀኑን ቁጠሩ። በ3 ቀን ውስጥ የማይበላውን ወዲያውኑ በአንድ እራት መጠን ከፋፍላችሁ፣ ቀን ጽፋችሁ ፍሪዘር አስገቡት። በጾሙ ቀን በምስርና በሽሮ ብንተካውም እነርሱም የራሳቸው ካርቦሃይድሬት እንዳላቸው አይዘንጋ፤ ምስር ግን አሰር ስለሚበዛበት ከነጭ ዳቦ ይሻላል።

እኛ ከአገር ስንወጣ ይዘነው የወጣነው እንጀራውን ብቻ አይደለም፤ አብሮ መብላቱንም ነው። ከሁለቱ አንዱን መቀነስ ግድ ከሆነ የትኛው እንደሚቀነስ ግልጽ ይመስለኛል።

ቸር ይግጠመን።